ባሩን ተዉት፣ መፍጫው የት አለ?

ደሴ ሆኖ ለቤት የቡና ማሽን መግዛት ትንሽ ያስቃል። ቡና በየግቢው በሚፈላበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን "ቡና ጠጡ" ብሎ በሚጠራበት ከተማ ማሽን ምን ይሠራል? ዘመዶቼ በሙሉ ጠይቀውኛል። መልሴ አጭር ነው። ማለዳ ማኪያቶ ካልጠጣሁ ሰው አልሆንም። የደሴ ማለዳ ደግሞ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ከብርድ ልብስ ወጥቶ ፒያሳ ድረስ ለመሄድ አያበረታታም። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ማሽኑ ቤቴ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ ሳልፈልግ አማካሪ ሆኛለሁ። ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። "ይሄ 15 ባር ነው፣ ያኛው 20 ባር፤ የቱ ይሻላል?" ይለኛል። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ። ቡናውን በምን ልትፈጭ ነው? አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ባሩን ቶሎ እንጨርሰው። ባር የግፊት መለኪያ ነው። ኤስፕሬሶ፣ ማለትም ማሽኑ በግፊት የሚያወጣው ወፍራም ቡና፣ በደንብ የሚወጣው በ9 ባር አካባቢ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 15፣ ፓምፑ መውጫ ሲያጣ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። 20 ቢሉትም ቡናው የበለጠ አይጣፍጥም። እንዲያውም ደህና ማሽን ትርፉን ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለው። ሻጭ ባር ሲቆጥርላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ስለ ግፊት ካነሳን አይቀር አንድ የሚገርመኝ ነገር ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1884 አንጄሎ ሞሪዮንዶ የሚባል የቱሪን ሰው በእንፋሎት የሚሠራ የቡና ማሽን ፈቃድ አወጣ። በ1901 የሚላኑ ሉዊጂ ቤዜራ አሻሻለው። ሁለቱም የሚገፉት በእንፋሎት ስለነበር ግፊታቸው ደካማ ነው። ያ ቡናማ አረፋ፣ ክሬማ የምንለው፣ አይወጣቸውም። አኪሌ ጋጂያ አዲሱን ሥራውን ያስመዘገበው በ1938 ነው። ክሬማ የሚያወጣውን ባለ ማንሻ ማሽን ለካፌዎች ያቀረበው ደግሞ በ1948። ጣሊያን ደሴ የገባው በ1936፣ ከአገራችን የተባረረው በ1941 ነው። እንግዲህ አስሉት። ማኪያቶን ከጣሊያን ወረስን እንላለን እንጂ፣ ያኔ በዚህ ከተማ ያለፈው ወታደር ዛሬ እኛ የምንጠጣውን ዓይነት ኤስፕሬሶ አገሩም ላይ አላገኘውም።

አሁን ወደ መፍጫው።

ለጀበና ሙቀጫ በቂ ነው። ሲወቀጥ ከፊሉ ዱቄት ይሆናል፣ ከፊሉ ፍርክስ ብሎ ይቀራል። ጀበና ግድ የለውም። ይፈላል፣ ይሰክናል፣ ይቀዳል። ማሽን ግን እንዲህ አይታገስም። ውሃው በተጠቀጠቀ ቡና መሀል አልፎ ለመውጣት ያለው ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ውሃው እንደ ክረምት ጎርፍ የቀለለውን መንገድ ይፈልጋል። ፍርክስ ያለበትን ቦታ ካገኘ በዚያው ይሮጣል። ዱቄቱ ያለበት ደግሞ ይታፈናል። ከዚያ አንዱ ስኒ ውስጥ የሚቆመጥጥም የሚመርም ቡና በአንድ ላይ ይቀርብልሃል።

ገበያ ወስዶ ማስፈጨትስ? ይቻላል። ግን ወፍጮ ቤቱ የሚፈጨው ለጀበና ነው፤ ልኩን አንድ ጊዜ አስተካክሎ ለሁሉም ይፈጫል። ደግሞም ከአንተ ፊት ኮረሪማ ያስፈጨ ሰው ካለ ኮረሪማውን አብረህ ትጠጣለህ። (ለጀበና ቢሆን እሰየው ነበር።) የተፈጨ ቡና ጠረኑም በፍጥነት ይጠፋል። ቢላዋ የሚሽከረከርበት ትንሹ የኤሌክትሪክ መፍጫ ደግሞ ከሙቀጫ ብዙም አይሻልም። እሱም የሚሠራው መክተፍ ነው።

የሚያስፈልገው ሁለት ጥርሳም ብረቶች ያሉት፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በትንሽ በትንሹ የሚስተካከል መፍጫ ነው። የኤሌክትሪኩ ውድ ነው። በእጅ የሚዞረው ግን በአነስተኛ ዋጋ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ዋንዜድፕሬሶ፣ ኪንግራይንደር፣ ታይምሞር የሚባሉት የቻይናና የታይዋን ሥራዎች ለዚህ የሚበቁ ሞዴሎች አሏቸው። ሲገዛ "ለኤስፕሬሶ ይሆናል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሁሉም አይሆኑም። ጠዋት ጠዋት ክንድ ያደክማል። መብራት ግን አይፈልግም። ክብደቱም ቀላል ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ይጨምረዋል።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ያለህን ገንዘብ ለማሽኑ ብቻ አታድርገው። ከሲሶው በላይ ለመፍጫው አስቀርለት። ርካሽ ማሽን ከደህና መፍጫ ጋር ጥሩ ቡና ያወጣል። ውድ ማሽን በሙቀጫ ቡና ሲሠራ ግን አይቼዋለሁ። ያሳዝናል።

መፍጫ መግዛት የማይቻል ከሆነም መላ አለ። ርካሾቹ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ግድግዳ ወንፊት (የተፈጨው ቡና የሚጨመርበት) ይዘው ይመጣሉ። ከላይ ሲያዩት ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ከሥር ግን ቡናው የሚወጣው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ግፊቱን የሚፈጥረው ያ ቀዳዳ ነው። አረፋውም ከዚያው ይመጣል። ቡናው ባይመጣጠንም ይቅር ይላል። የቡና ነገር አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ይህን ወንፊት ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። በወተት ከሆነ የምትጠጣው፣ በእሱ የወጣ ማኪያቶ ከብዙ ካፌ አያንስም። ባለ አንድ ግድግዳው ወንፊት የሚያስፈልገው ጥርሳም መፍጫ ከመጣ በኋላ ነው።

የትኛው ማሽን? እዚህ ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። እኔ ዘንድ ያለው ዴሎንጊ ዴዲካ ነው። ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጠባብ ኩሽና ውስጥ ይገባል፣ ቶሎም ይሞቃል። ወንፊቱ ግን 51 ሚሊ ሜትር ነው፣ መጠቅጠቂያውም ሌላውም ለብቻው ይፈለጋል። አቅም ያለው ሰው ያገለገለ ጋጂያ ክላሲክ ቢያገኝ እመርጥለታለሁ። ከባድ ነው፣ ብረት ነው፣ ተፈትቶ ይጠገናል። ወንፊቱም 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙዎቹ የካፌ ማሽኖች የሚጠቀሙበት መጠን ማለት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የካፌ ማሽን የሚጠግን ሰው ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም። ጎሚኒ (ላስቲኩ) ሲያልቅ፣ ሬዚስታንስ (ማሞቂያው) ሲቃጠል የሚያውቀውን ነገር ብታመጣለት "አብሽር" ብሎ ይቀበልሃል። ሁሉ ነገሩ ፕላስቲክና ቦርድ የሆነ ማሽን ስታመጣለት ግን ፊቱን አይተህ ትረዳዋለህ።

አንድ ነገር አደራ። ከአሜሪካ የሚመጣ ማሽን በ120 ቮልት ነው የሚሠራው። እኛ 220 ነን። እንዲሁ ብትሰካው ማሞቂያው ከታሰበለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፣ ቡናም ሳትጠጣ ትሰናበተዋለህ። 1300 ዋት ለሚስብ ማሽን ቢያንስ የ2000 ዋት ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። እሱ ራሱ እንደ ድንጋይ የከበደ ነው፣ ዋጋም አለው። ሌላም አለ። የእነዚህ ማሽኖች ፓምፕ የሚመታው በመብራቱ ሞገድ ልክ ነው። አሜሪካ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመታል፣ እዚህ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ይህን አይለውጥም። ይሠራል፣ ግን ሰነፍ ይሆናል። ዘመድ ካለህ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ይላክልህ።

የእኛም መብራት የራሱ ጠባይ አለው። መጥፋቱን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው መድከሙ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ጥዶ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት 220 የተባለው 180 ሊወርድ ይችላል። ያኔ የማሽንህ ማሞቂያ የሚሰጠው ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ምልክት መብራቱ "ዝግጁ ነኝ" ለማለት ይዘገያል። ወተት ስትመታ እንፋሎቱ መሀል ላይ ያልቅበታል። ማሽኑ ተበላሸ ብለህ ጠጋኝ ከመጥራትህ በፊት ጎረቤትህ እየጋገረች እንደሆነ ጠይቅ። አንድ ዲቫይደር ላይ ምጣድና የቡና ማሽን መሰካት ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ገደማ ይፈላል። ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ወርዳ ስለተቀመጠች እዚያ 94 አካባቢ ነው። በመኪና ትንሽ ቁልቁል ወርደህ ውሃው ሁለት ዲግሪ ይጨምርልሃል።

ለኤስፕሬሶ የሚፈለገው ውሃ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የደሴ የፈላ ውሃ ገና ሲፈላ ለኤስፕሬሶ ልክ ነው። ታዲያ ማሽኑ ውስጥ ውሃው ከ92 በላይ እንዴት ይሞቃል? በግፊቱ። በ9 ባር የታፈነ ውሃ ከ170 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ፓምፑ ሲሠራ፣ ከፊቱ የተጠቀጠቀ ቡና ሲኖር፣ ደሴም ሆንክ ጅቡቲ ለውሃው ያው ነው። ችግሩ ቡና ሳይኖር ነው። ፋብሪካው ማሽኑን ያስተካከለው ውሃ በ100 ለሚፈላበት አገር ነው። ወንፊቱን የሚይዘውን እጀታ ሳትገጥም ውሃ ብትለቅ ከ92 በላይ የሞቀው ውሃ አየር ሲያገኝ ወዲያው ይፈላና ፍ-ፍ-ፍ እያለ እንፋሎት ይተፋል። ብዙ ሰው ይደነግጣል። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ከፍታው ነው።

እንደ ጋጂያ ውሃውን በትንሽ ገንዳ ውስጥ በሚያሞቅ ማሽን ላይ ከዚህ አንድ ጥሩ ልማድ ይገኛል። መጀመሪያ ውሃውን በባዶው ልቀቀው። ይተፋል። መትፋቱን ትቶ ዝም ብሎ መፍሰስ ሲጀምር ውሃው 92 አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። ያኔ እጀታውን ግጠምና ወዲያው አውጣው። ሙቀት የሚያሳይ ማሽን በውድ ከመግዛት ይልቅ ደሴ ራሷ ቴርሞሜትር ትሆንልሃለች። ዴዲካን በመሰሉት ላይ እንዲህ አይሰማም፣ ግን ውሃውን በባዶው ማሳለፉ ለሌላ ነገር ይጠቅማል። የደሴ ጠዋት ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛ እጀታና ቀዝቃዛ ስኒ ሁለት ስንዝር ሳይሄድ ቡናውን ይገድሉታል። እጀታውንም ስኒውንም በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ የግድ ነው።

ቡናው ራሱስ? ፈረንጅ በውድ የሚገዛው እኛ ዘንድ በኪሎ ጥሬውን ይሸጣል። ግን እዚህም አንድ ለአበሻ የማይዋጥ ነገር አለ። እኛ ቆልተን ወዲያው እንጠጣለን። ጭሱ ቤቱን ሳይለቅ አቦል ይቀዳል። ለማሽን ግን ትኩስ የተቆላ ቡና ጥሩ አይደለም። ሲቆላ ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታሰራል። ያ ጋዝ በግፊት ሲለቀቅ ውሃውን ይበትነዋል። አረፋው ይበዛል፣ ጣዕሙ ይሳሳል፣ ይጎመዝዛል። አምስት ስድስት ቀን፣ ቢቻል አንድ ሳምንት ማስቀመጥ ይሻላል። እናቴ ይህን ስነግራት "ቆልተህ ለአይጥ ልታስቀምጠው ነው?" አለችኝ። ለእሷ የከረመ ቡና ለእንግዳ አይቀርብም። አሁን ሁለት ጣሳ አለን። የእሷ የዛሬ፣ የእኔ የባለፈው ሳምንት።

አቆላሉም ይለያል። ለጀበና እንደምናጠቁረው ዘይቱ እስኪያብለጨልጭ ብታደርሰው ማሽኑ ምሬቱን አጉልቶ ያወጣዋል። ጠይም ሲሆን፣ መጀመሪያ ከተንጣጣ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ማውረድ ይበቃል። በጣም ቀይ ሲሆን ደግሞ ለትንሽ ማሽን ይከብዳል፤ ጎምዛዛ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስደነግጠው ግን ፍጆታው ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ማሽኑን ሊያዩ መጡ። ወንፊቱ ውስጥ 14 ግራም ቡና ስጨምር ቆመው አዩኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ለስንት ሰው ነው?"

"ለአንድ ስኒ ነው፣ እማማ።"

"ቶናውስ?"

"ቶና የለውም።"

"በረካ የሌለው ቡና ምን ቡና ነው? ዱዓውስ በምኑ ላይ ሊደረግ ነው?"

መልስ አልነበረኝም። የወጣውን አተላ ልደፋ ስል እጄን ያዙኝ። "አምጣው" አሉ። ጀበና ውስጥ ጨምረው አፈሉት። ቀመሱት። "ውሃ ነው" ብለው አስቀመጡት። ነገሩ ግን ሒሳብ አለው። ከተቆላ ቡና ክብደት ውስጥ በውሃ ሊሟሟ የሚችለው 30 በመቶ ገደማ ነው። ጥሩ ኤስፕሬሶ 20 በመቶ ያህሉን በግማሽ ደቂቃ ያወጣዋል። የቀረው በአብዛኛው ምሬት ነው። ጀበና ያንኑ ለሦስት ዙር አከፋፍሎ፣ በእርጋታ፣ ሰው እያጫወተ ያወጣዋል። የማሽኑ አንድ ስኒ አቦል፣ ቶናና በረካን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል።

ወጪውን ማወቅ ለሚፈልግ፦ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ክብደቱ ወደ 850 ግራም ይወርዳል። በ14 ግራም ሲካፈል 60 ስኒ ይሆናል። የአንዱን ኪሎ ዋጋ ለ60 አካፍሉት፣ ወተትና ስኳር ጨምሩ፣ ከዚያ ካፌ ከምትከፍሉት ጋር አስተያዩት። ማሽኑ ወጪውን መቼ እንደሚመልስ ያኔ ይገባችኋል። አንድ ስኒ በቀን ለሚጠጣ ሰው ቶሎ አይመልስም። አራት ማኪያቶ ጠጪ ያለበት ቤት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዙ። ይህ ቅንጦት አይደለም። ቡና 14 ከገባ፣ ስኒ ውስጥ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ማቆም። ከ20 ሴኮንድ በፊት ካለቀ መፍጫውን ማጥበቅ፣ ከ35 ካለፈ ማላላት። ከዚህ በላይ ሳይንስ እኔ አልጨምርም።

ወተቱ ላይ ደሴ የታደለች ናት። ከገጠር የሚመጣው የላም ወተት ስቡ ብዙ ነው፣ አረፋው ሐር ይሆናል። ጥሬውን ግን መጀመሪያ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ወተት ሲመታ ከቀዝቃዛ መጀመር አለበት፤ 60 እና 65 ዲግሪ መሀል ሲደርስ ማቆም። መዳፍህ ጣሳውን መያዝ ሲያቅተው ደርሷል። በጾም ሰሞን ወተቱ ይቀራል፣ ያኔ የቡናው ጉድለት ሁሉ ይጋለጣል። በረመዳን ደግሞ ማሽኑ ሰዓቱን ይቀይራል። ግቢያችን ውስጥ ሱሑር ላይ አንድ ሁለት ስኒ የሚያዝዙኝ አሉ። ፓምፑ ሲያጓራ ሕፃናቱን እንዳይቀሰቅስ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፌለታለሁ።

ጽዳቱን ቸል አትበሉ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከተጋገረ ማሽናችሁም ውስጥ ያው ነው፤ በየጊዜው በሲትሪክ አሲድ ማጠብ። የወተት መምቻው ደግሞ ከእያንዳንዱ ስኒ በኋላ ወዲያው ይጠረጋል፣ እንፋሎቱም ትንሽ ይለቀቃል።

አሁን ዓይኔ ያረፈው በእጅ በሚጫኑት ላይ ነው። ፍሌር የሚባለው ዓይነት። ሶኬት የለውም፣ ፓምፕ የለውም። የፈላ ውሃ ትጨምራለህ፣ ክንድህን ጭነህ ግፊቱን ራስህ ትሰጠዋለህ። ጋጂያ በ1948 ያሰበውም ክንድ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጋዝ ላይ ውሃ አፍልቶ ኤስፕሬሶ ማውጣት ያጓጓል። የሚያሰጋኝ ሙቀቱ ነው። 92 ላይ የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ከ90 በታች ይወርዳል። ብረቱን በእንፋሎት ቀድሞ ማሞቅ፣ ቡናውንም ጠቆር አድርጎ መቁላት ይጠይቃል። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ጓደኛዬ ቀድሞኝ ገዝቷል። ወርጄ ሳልቀምስ ገንዘብ አላወጣም። ቡናውን ግን ከዚህ ይዤ ነው የምወርደው፤ እሱ የሚቆላው ከሰል ነው።